ተራዊሕ የሚያሰግደው ልጅ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ለምን ዝም ይላል?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ያለፍንበት፣ ግን ቁጭ ብለን ያልተነጋገርንበት ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ስለማያወጣው፣ ሲጠየቅ አንገቱን ስለሚደፋው፣ መልሱን ደብተሩ ላይ ጽፎ እጁን ከልሎበት ስለሚቀመጠው ተማሪ ነው የምጽፈው። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይለዋል። ጓደኞቹ «አይችልም» ይሉታል። እናቱ «ጨዋ ነው» ትለዋለች። እሱ ራሱ ደግሞ ውሎ አድሮ የመምህሩንና የጓደኞቹን ቃል አምኖ ይቀመጣል።

እኔ ወሎ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር 12 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት እኔም ዝም ከሚሉት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ከገጠር ቁርአን ቤት ተነስቼ፣ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ዝምታውን ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። ከዴስኩም፣ ከሰሌዳውም። በእነዚህ ዓመታት የተረዳሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ አብዛኛው ዝምታ የእውቀት ማነስ አይደለም። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው አስተዳደግ፣ ማንም ሳያስረዳው፣ ሌላ ሕግ ካለው ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚፈጠር ግራ መጋባት ነው። ያን አስተዳደግ መጣል መፍትሔ አይደለም። ጠንቅቆ ማወቅ ነው መፍትሔው።

▪️ ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ሒሳቡንም የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የጀመረው ዝምታ እዚያ ብቻ አይቆምም። ፎቶሲንተሲስ ያልገባው ልጅ ለመጠየቅ መጀመሪያ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር በጭንቅላቱ መገጣጠም አለበት። ገጣጥሞ ሳይጨርስ ደወሉ ይደወላል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በቋንቋ ላይ አልጥልም። ነገር ግን ዓመታትን ሳይጠይቅ ያሳለፈ ልጅ ያልገባውን ሁሉ ተሸክሞ ፈተና አዳራሽ እንደሚገባ ማንም መምህር ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ፕሬዘንቴሽን አለ። ሥራ ሲፈልግ ቃለ መጠይቅ አለ። ያ ዝምታ እስከዚያ ይከተለዋል።

▪️ «ጨዋ ልጅ» ሆኖ ማደግ

የእኛ ቤት ልጅ እንዴት እንደሚያድግ እናስታውስ። ትልቅ ሰው ሲናገር አይን አይን አይታይም፤ አንገት ይደፋል። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ቡና ያቀርባል፣ እጅ ያስታጥባል፣ ከጨዋታው ግን አይገባም። ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ ሲልኩት «እሺ» ይላል። ምክርና ተግሣጽ ሲሰጠው «ገባህ?» ቢባል ባይገባውም «አዎ» ይላል፤ «አልገባኝም» ማለት ተናጋሪውን «አላስረዱኝም» ብሎ እንደመክሰስ ነውና። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» እየተባለ ያድጋል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ከሁሉ የበለጠው ምስጋና «ድምጿ አይሰማም» ነው።

ይህ ልጅ አሁን እንግሊዝኛ ክፍል ገባ። መምህሩ «እኔን እያየህ ተናገር» ይለዋል። «ያልገባህ ካለ አቋርጠኝ» ይለዋል። «ያንተ አስተያየት ምንድን ነው? ከእኔ ሐሳብ የማትስማማ ከሆነ ተከራከረኝ» ይለዋል። ለመምህሩ እነዚህ የማበረታቻ ቃላት ናቸው። ልጁ ግን ቤቱ ውስጥ ስድ ያሰኘው የነበረውን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያደርግ ነው የተጠየቀው።

አንዲት ትንሽ ቃል ላንሳ። እኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል፤ «እርስዎ» ይባላል። እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም፣ ለሽማግሌውም፣ ለንጉሡም «ዩ» ነው። አንድ ጎበዝ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬን «ለምን በእንግሊዝኛ አትጠይቀኝም?» ብዬ ለብቻው ሳነጋግረው፣ ትንሽ ካቅማማ በኋላ «ቲቸር፣ 'ዩ' ስልዎት አንተ ያልኩዎት ይመስለኛል» አለኝ። የልጁ ሰዋስው ትክክል ነበር፤ የቃላት ችግርም አልነበረበትም። የከለከለው አክብሮት ነበር። በማግስቱ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር አስረዳሁ፦ እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያስቀምጠው በተውላጠ ስሙ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው አነጋገር ላይ ነው። «ቢፈቅዱልኝ»፣ «ይቅርታ መምህር»፣ «ቢያስረዱኝ» ለማለት የራሱ መንገዶች አሉት። ጥቂቶቹን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። በዚያ ሳምንት ከወትሮው ብዙ እጆች ወጡ። አክብሮታቸውን ሳይጥሉ መናገር እንደሚችሉ ሲያውቁ ቀለላቸው።

▪️ የማይጠብቀው ስክሪን

የእኔ ዘመን ተማሪዎች «ፕላዝማ» የሚባለውን ታስታውሱታላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በሳተላይት በቴሌቪዥን ይሰጠን ጀመር። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንዶች ይሰጣል፣ ከዚያ «ጥሩ ነው» ብሎ ይቀጥላል። የመለሰ ይኑር አይኑር አያይም። ሰው ሲያስተምር ቢያንስ ፊት ያነባል፤ ስክሪን ግን ፊት አያነብም። ቁርአን ቤት እያለሁ ሸኽዬ ከሃምሳ ልጅ መሐል የእኔን ድምፅ ለይተው «እዚያ ጋ መልስ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ መጥቼ የማይሰማ መምህር ፊት ተቀመጥኩ። ዝምታን እንደ ትምህርት ቤት ሕግ የተማርነው ያኔ ይመስለኛል። ዛሬ ፕላዝማው ቢቀርም፣ መምህር ጠይቆ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይጠብቅ ራሱ የሚመልስባቸው ክፍሎች ግን ዛሬም አሉ።

▪️ አንድ ልጅ፣ ሁለት ቦታ

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። ከተማሪዎቼ አንዱ ሓፊዝ ነው፤ ሠላሳውን ጁዝ በቃሉ ይዟል። በረመዷን በሰፈሩ መስጂድ ተራዊሕ ያሰግዳል። ከኋላው ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎች፣ ዑስታዞች፣ የራሱ አባት ጭምር ይሰለፋሉ። ማይክሮፎን ይዞ፣ የአፍ መፍቻው ባልሆነ ቋንቋ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ጠዋት እኔ ክፍል ሲመጣ ግን በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ድምፁ ይጠፋል።

ልጁ ያው ነው። ድፍረቱም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

አንደኛው ልዩነት ስህተት የሚስተናገድበት መንገድ ነው። ኢማም ተራዊሕ ላይ አንቀጽ ቢጠፋው ከኋላው ያለ ሓፊዝ ድምፁን አውጥቶ ያስታውሰዋል። ኢማሙ ይቀበልና ይቀጥላል። ማንም አይስቅም። ሶላቱ ሲያልቅም «ዛሬ እኮ ተሳሳትክ» ብሎ የሚያበሽቀው የለም። ክፍል ውስጥ ግን አንድ ልጅ «ሺ ጎ» ብሎ አንዲት ፊደል ቢያጎድል ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሳል፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ «ሺ ጎ» ቅጽል ስሙ ይሆናል። መስጂዱ ውስጥ የሚያርመው ሰው ሊያግዘው የቆመ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚያርመው ብዙ ጊዜ ሊያዋርደው ነው። ሰው ደግሞ የሚዋረድበት ቦታ ላይ ዝም ቢል ምን ይገርማል?

ሁለተኛው ልዩነት ከራሱ ከቁርአን ትምህርት የሚመጣ ነው። ቁርአን የአላህ ቃል ነው። አንዲት ፊደል፣ አንዲት ሐረካ አትለወጥም። ቁርአን ቤት ያደገ ልጅ «ወይ በትክክል በል፣ ወይ ዝም በል» የሚል ጥንቃቄ በደሙ ገብቷል። ይህ ለቁርአን ተገቢ ነው፤ ግዴታም ነው። እንግሊዝኛ ግን የፍጡር ንግግር ነው። ስንት ጊዜ ተሳስቶ፣ ተንተባትቦ፣ ቃል ጠፍቶት በእጁ እያመለከተ ነው ሰው የሚለምደው። ሕፃን ልጅ አማርኛን የለመደው «ውሃ» ለማለት «ቡ» እያለ ነው እንጂ እስኪያስተካክል ዝም ብሎ አይደለም። ለአላህ ቃል የሚገባውን ጥንቃቄ ለሰው ቋንቋ ስንሰጠው ምላሳችን ይታሰራል።

ይህን ለዚያ ሓፊዝ ተማሪዬ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሦስት ስህተት ያለበት ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሦስቱንም ተውኩለትና የተናገረውን ሐሳብ ብቻ መለስኩለት። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሐሳቡ እንደተሰማ ማወቅ ነበር።

▪️ ይዘን የመጣነው ሀብት

ስለ «ባህላዊ ተጽዕኖ» ሲወራ ብዙ ጊዜ ባህላችን የሚቀርበው እንደ እንቅፋት ብቻ ነው። እውነቱ ግን ሌላም ገጽ አለው።

በእንግሊዝኛ «ይህ» እና «ማሰብ» የሚሉት ቃላት የሚጀምሩባቸው ድምፆች አማርኛ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ዚስ»፣ «ሲንክ» ወይም «ቲንክ» እያልን እናልፋቸዋለን። ተጅዊድ የተማረ ልጅ ግን ሁለቱንም ድምፆች ያውቃቸዋል! «ሐዲስ» የሚለው ቃል በዐረብኛ የሚያልቅበት ፊደልና «ዚክር» የሚጀምርበት ፊደል፣ የምላስ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጫፍ ጋር ተገናኝቶ የሚወጡ ናቸው። ይህን ክፍል ውስጥ ሳነሳ ቁርአን ቤት ያደጉት ልጆች ፊታቸው ይበራል። ከተማ አድገው ፊልም እያዩ እንግሊዝኛ የለመዱት ልጆች እንኳ ያልያዙትን ድምፅ እነሱ በመጀመሪያው ቀን ያወጡታል። ያን ቀን አስተማሪዎቹ እነሱ ይሆናሉ።

ነሕው የጀመሩትም እንዲሁ ናቸው። አጅሩሚያን የቀራ ልጅ ፊዕል፣ ፋዒል፣ መፍዑል ምን እንደሆኑ ያውቃል። የእንግሊዝኛን ግስ፣ ባለቤትና ተሳቢ ሲማር አዲስ ነገር አይደለም የሚማረው፤ የሚያውቀውን በሌላ ስም ነው የሚያገኘው። ችግሩ ማንም «ይህ ያ ነው» ብሎ አለማገናኘቱ ነው። ልጁ ቁርአን ቤት ያገኘውን እውቀት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጫማውን እንደሚያወልቅ አውልቆ ይገባል።

የቁርአን ቤት ልጅ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ያውቃል። ሎሑን ይዞ ሸኹ ፊት ብቻውን መቅረብ ያውቃል። ሰው ፊት መታረም ያውቃል። ከደረሳ ጓደኛው ጋር ተቀምጦ ሙራጀዓ ማድረግ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው መከታተል ያውቃል። የዘመኑ መምህራን በሥልጠና የሚማሩት «ጥንድ ጥንድ ሆኖ መለማመድ» የሚባለው ነገር ለእኛ ሸኾች ሐሪማ እንግዳ አይደለም። መንዙማ እንኳ ብትወስዱ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም። ታዲያ ማን ነው «የእኛ ባህል የዝምታ ባህል ነው» ያለው?

▪️ ስለ እህቶቻችን

እዚህ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በጥንቃቄም መነገር አለበት። በትምህርት ቤቶቻችን ለዓመታት «አንድ ለአምስት» የሚባል የቡድን አሠራር ነበር፤ ዛሬም በየክፍሉ ተማሪ በቡድን ይደራጃል። ብዙ ጊዜ ወንዱ ይመራል፣ ወንዱ ይናገራል፣ እህታችን ጽሑፉን ታዘጋጃለች። ፕሬዘንቴሽን ሲሆን ሥራዋን ሌላው ያነብላታል። ውጤቱ ላይ «ተሳትፎ» የሚለው ነጥብ ሲሞላ የሷ ይቀንሳል።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። በጽሑፍ ከክፍሉ አንደኛ ናት፤ ሆኖም ከወንዶች ጋር ባለችበት ቡድን አንድ ቃል አትናገርም። አስገድጄ ላናግራት አልፈለግኩም። ከሴት ጓደኛዋ ጋር ጥንድ አደረግኳት። ሁለቱ ሲያወሩ በአጠገባቸው ሳልፍ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል! ከወር በኋላ አራት ሴቶች ሆነው ተነጋገሩ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ ለክፍሉ በሙሉ፣ በሒጃቧና በሐያኧዋ ላይ ሆና አስተያየቷን ሰጠች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ሐያኧዋን ትታ አይደለም የተናገረችው፤ ከሐያኧዋ ጋር የሚስማማ መንገድ አግኝታ ነው።

ይህ መንገድ ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴቶች መጥተው ወንዶች በመቀመጫው በልጠውናልና ለእኛ የራሳችንን ቀን ይስጡን ብለው እንደጠየቁ፣ እሳቸውም ቀን ቀጥረው እንዳስተማሯቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። አስተውሉ! ሴቶቹ «እንግዲህ እኛ ዝም እንበል» አላሉም። መማር የሚችሉበት ሁኔታ እንዲመቻች ጠየቁ፤ ተመቻቸላቸውም። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያወደሰቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማርና ከመጠየቅ ስላልከለከላቸው ነው።

▪️ አደብ እና ፍርሃት አንድ አይደሉም

ቡኻሪ በእውቀት ምዕራፍ የዘገበው አንድ ታሪክ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ሁሉ ቁልፍ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦች ተቀምጠው ሳለ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ቅጠሏ የማይረግፍ፣ የሙስሊም ምሳሌ የሆነች ዛፍ ማን ናት? ሰዎቹ የበረሃ ዛፎችን ማሰብ ጀመሩ። ወጣቱ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) የተምር ዛፍ እንደሆነች በልቡ መጣለት። ግን በዕድሜ ከሁሉ ያንስ ነበር፤ አቡበክርና ዑመር ዝም ብለው እያያቸው ስለነበር አፍሮ ዝም አለ። በመጨረሻ መልሱን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናገሩ፤ የተምር ዛፍ ነበረች። በኋላ ለአባቱ በልቤ መጥቶልኝ ነበር ሲለው፣ ዑመር (ረ.ዐ) «ጎሽ፣ ታላላቆችህን አከበርክ» አላለውም። ብትናገራት ኖሮ ከብዙ ነገር ይልቅ በወደድኩ ነበር የሚል መልእክት ያለው መልስ ነው የሰጠው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የወጣቱ ዝምታ ካለማወቅ አልነበረም፤ መልሱን ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ ዝምታው ከመልካም አስተዳደግ የመጣ ነበር፤ ማንም አልነቀፈውም። ሦስተኛ፣ ያም ሆኖ አባቱ ቢናገር ይመርጥ ነበር። ጥያቄ ሲቀርብ መመለስ ድፍረት አይደለም፤ የጠየቀውን ሰው ማክበር ነው። ከታቢዒዮች ሙጃሂድም ዓይን አፋር የሆነም ኩራተኛ የሆነም ሰው እውቀትን እንደማያገኛት አስተምሯል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጡ ይገርማል፤ አንዱ የማይጠይቀው አፍሮ ነው፣ ሌላው የማይጠይቀው ተኮፍሶ ነው፤ መጨረሻቸው ግን ያው ነው።

ከራሳችን አገር ታሪክ ደግሞ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓቦች ነጃሺ ፊት ሲቀርቡ የተናገረው እሱ ነው። ስደተኛ ነው፣ በሰው አገር ነው፣ ንጉሥ ፊት ነው፣ ከሳሾቹም ተቀምጠዋል። አንገቱን ደፍቶ ዝም ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን በአክብሮት፣ በግልጽ፣ የሚያምንበትን ተናገረ። አደብ ማለት እንዲህ ነው። የአነጋገር መንገድ ነው እንጂ አለመናገር አይደለም።

▪️ «ፈረንጅ ሆነ» የሚለው ስጋት

አንዳንድ ልጆችን ዝም የሚያሰኛቸው ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ የተናገረ ልጅ «ጉረኛ»፣ «ፈረንጅ ሆነ» ይባላል። በተለይ ከመድረሳ የመጣ ከሆነ «ዲኑን ሊተው ነው» የሚል ወሬ ይከተለዋል። ቋንቋ ግን የማንም ሃይማኖት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት፣ በግማሽ ወር ገደማ ተምሮ ደብዳቤ ይጽፍላቸውና ያነብላቸው እንደነበር ተዘግቧል። ዘይድ ያን በመማሩ ማንነቱ አልቀነሰም፤ በኋላም ቁርአንን የመሰብሰብ አማና የተጣለው በእሱ ላይ ነው።

በሌላ ጫፍ ደግሞ እንግሊዝኛ መናገርን ከአደብ መራቅ ጋር ያያያዙ ወጣቶች አሉ። ትከሻ መነቅነቅ፣ መምህርን ማናናቅ፣ በገጠር ልጅ አነጋገር መሳቅ የቋንቋው ክፍል ይመስላቸዋል። ወንድሜ፣ እንግሊዝኛን በወሎ ለዛ ተናገረው፣ በሐረር ለዛ ተናገረው፣ በጅማ ለዛ ተናገረው። ሰው ከተረዳህ ተናግረሃል። በጓደኛህ አነጋገር የሳቅክ ቀን ግን የአንድ ልጅ አፍ ዘግተሃል፤ መቼ እንደሚከፈት አላህ ነው የሚያውቀው።

▪️ ምን እናድርግ?

ለተማሪው፦ ነገ ክፍል ስትገባ ከክፍሉ ሁሉ ፊት እንድትናገር አልጠይቅህም። በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ አዘጋጅ። ማታ ጻፋት፣ ድምፅህን አውጥተህ ሦስት ጊዜ አንብባት፣ ጠዋት ጠይቃት። ሙጣለዓ አድርጎ ቂርአት ላይ የሚቀርብ ደረሳ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ከመናገርህ በፊት ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላክ ያደረገውን ዱዓ አድርግ፤ ደረቱ እንዲሰፋለት፣ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ጌታውን ለምኗል። ነቢይ የለመነውን መለመን አያሳፍርም። እሱም ብቻውን አልሄደም፤ ወንድሙን ሃሩንን አጋዥ አድርጎ ጠየቀ። አንተም የሚያግዝህ ጓደኛ ያዝ።

ለመምህሩ፦ ጠይቀህ ትንሽ ጠብቅ። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ጊዜ እንደሌለህ አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ግን መጀመሪያ ለራሳቸው ይጻፉ፣ ከዚያ ከጎናቸው ካለው ጋር ይነጋገሩ፣ ከዚያ ለክፍሉ ይናገሩ። ይህ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። «ገባችሁ?» አትበል፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉልኝ» በል። በክፍልህ ውስጥ በስህተት መሳቅ ክልክል ይሁን። ይህን ሕግ የማታላላው ይሁን።

ለወላጅ፦ ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አመጣህ?» ከማለት ጋር «ዛሬ ምን ጠየቅክ?» ይበሉት። ሽማግሌዎች ባሉበት አንድ ጊዜ አስተያየቱን ይጠይቁት። ዑመር (ረ.ዐ) ለልጃቸው የተመኙትን እርስዎም ለልጅዎ ይመኙ።

ለየሰፈሩ ጀመዓ፦ ክረምት ሲመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየከተማቸው ይመለሳሉ። በየመስጂዱ ግቢ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡ አሉ፤ አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው። ፎርሙላና ሰዋስው ብቻ አይሁን። በሳምንት አንድ ሰዓት ለመናገር ብቻ ይመደብ፤ እህቶች ለብቻቸው፣ ወንድሞች ለብቻቸው። በዚያ ሰዓት አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ የተሳሳተውን እንደ ተራዊሕ ኢማም እናስታውሰዋለን፣ ከዚያ ይቀጥላል።

ሁሉም ዝምታ ከባህል ነው አላልኩም። በእውነት ያልገባው አለ፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣ አለ፣ በተፈጥሮው ጭምት የሆነ አለ። ጭምትነትም ነውር አይደለም። ነገር ግን እውቀት በልቡ ይዞ፣ መልሱን ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ «ይስቁብኛል» ወይም «ስድ ያሰኘኛል» ብሎ ብቻ ዝም ያለ ልጅ ካለ የእኛ የሁላችን ጉዳይ ነው። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ጨዋነታችሁን ያዙ፤ አፋችሁንም ክፈቱ። ሁለቱ አይጣሉም።

አላህ ጠቃሚ እውቀትን፣ የተፈታ ምላስንና የተረጋጋ ልብን ይወፍቀን። ይህን ጽሑፍ ዝም ለሚል አንድ ጓደኛችሁ፣ ለአንድ መምህርም አድርሱልኝ። እናንተስ ክፍል ውስጥ ዝም ያሰኛችሁ ምን ነበር? ያናገራችሁስ ማን ነው?

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።